የትራፊክ ጥፋት ሪከርድ እያለብህ የሹፌርነት ሥራ እንዴት ታገኛለህ? ጎጃም ውስጥ ለሚጠይቁኝ ሁሉ

ስልኬ ከጠራ ግማሹ ጥያቄ ይሄው ነው። «ወንድምዓለም፣ አምና ተቀጥቼ ነበር፤ ይቀጥሩኛል?» ከፍኖተ ሰላም ይደወላል፣ ከቡሬ ይደወላል፣ ከሞጣ ይደወላል። ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ሻይ ልጠጣ ቁጭ ስል ደግሞ በአካል ይመጣሉ። እኔ አይሱዙም ተሳቢም ነድቻለሁ። አሁን ስምሪት ላይ ተቀምጬ ሹፌር ከሚመርጡት አንዱ ነኝ። ስለዚህ የጠረጴዛውን ሁለት ወገን አውቀዋለሁ። አንዴ ልጻፈውና ለጠየቀኝ ሁሉ ይሄንኑ እልካለሁ።

አጭሩ መልስ ይህ ነው። አብዛኛው ጥፋት ከሥራ አያስቀርም። ቀጣሪው ከሌላ ሰው አፍ የሰማው ጥፋት ግን ያስቀራል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ቀጣሪው ከሌላ ከመስማቱ በፊት አንተ ወረቀትህን ይዘህ የምትቀርብበት መንገድ ነው። «አንተ» እያልኩ ብጽፍም ሴት አሽከርካሪዎችን ትቼ አይደለም።

ቀጣሪው ምን ይፈራል?

ይህን ካልተረዳህ ቀሪው ትርጉም አይሰጥህም። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 መሠረት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለንብረቱ ኃላፊ ነው። መሪውን የያዘው ሌላ ሰው ቢሆንም፣ ባለንብረቱ ራሱ ምንም ባያጠፋም። አንተ ብትገጭ የሚከሰሰው እሱም ጭምር ነው። መድን አለ ብለህ አትዘናጋ። መንጃ ፈቃዱ ለዚያ ተሽከርካሪ የማይፈቅድ ወይም የሰከረ ሹፌር አደጋ ካደረሰ ኢንሹራንሱ ገንዘቡን መልሶ ሊጠይቅ ወይም አልከፍልም ሊል ይችላል። ስለዚህ ቀጣሪው ወረቀትህን ሲያገላብጥ የሚያየው አንተን ብቻ አይደለም። ተሸጦ የማይተካ መኪናውን እያየ ነው።

የሚያስፈልጉህ ነገሮች

- መንጃ ፈቃድ፣ ዋናውና ኮፒው። የሚታደስበት ቀን ያላለፈ።
- የፋይዳ ወይም የቀበሌ መታወቂያ።
- የቅጣት ደረሰኞችህ በሙሉ። የድሮዎቹም ቢሆኑ።
- ከቀድሞ ቀጣሪ የሥራ ልምድ ደብዳቤና ክሊራንስ።
- ከፖሊስ የሚሰጥ ከወንጀል ነፃ ማስረጃ፣ ማስታወቂያው ከጠየቀ።
- አደጋ ካለብህ የፖሊስ የአደጋ ሪፖርት ወይም የፍርድ ቤት ውሳኔ ግልባጭ።
- ቋሚ ደመወዝ ያለው ተያዥ።
- አንድ ደብተርና እስክሪብቶ። ቀልድ አይደለም፣ በሦስተኛው ደረጃ ላይ ትፈልገዋለህ።

ደረጃ 1፦ ሪከርድህን ራስህ አውጣው

ፋይልህ ያለው መንጃ ፈቃዱን ባወጣህበት ወይም ባዛወርክበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ነው። ባሕር ዳር አውጥተህ ዳንግላ የምትሠራ ከሆነ ፋይልህን ዳንግላ አትፈልገው። ሄደህ «የጥፋት ሪከርዴን ማየት እፈልጋለሁ፣ ለሥራ ነው፣ በደብዳቤ ይጻፍልኝ» በል። ማመልከቻ ጻፍ ካሉህ ሦስት መስመር ይበቃል። ስም፣ የመንጃ ፈቃድ ቁጥርና ምድብ፣ የምትፈልገው ነገር።

ለምን ይጠቅማል? ብዙ ሹፌር በራሱ ስም ምን እንደተመዘገበ አያውቅም። የከፈለው ቅጣት እንዳልተከፈለ ተጽፎ ያገኘ አውቃለሁ። ባለንብረቱ «እኔ እከፍላለሁ» ብሎ ወረቀቱን ወስዶ የረሳውም አለ። ስህተቱን አንተ ካገኘኸው በደረሰኝ ይታረማል። ቀጣሪው ካገኘው ግን ማብራሪያህን ለመስማት አይደውልልህም። በቀላሉ ቀጣዩን ተመዝጋቢ ይጠራል።

ስለ ነጥብ አንድ ነገር ልበል። በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 208/2003 ጥፋቶች በእርከን ተከፋፍለው ከገንዘብ ቅጣት ሌላ የሪከርድ ነጥብም እንዲያዝባቸው ተደርጓል። ነጥቡ ሲጠራቀም መንጃ ፈቃድ ይታገዳል፣ ከበዛም ይሰረዛል። ከዚያ ወዲህ የመጡ ማሻሻያዎችና ደንቦች መጠኑን ቀይረዋል። ስለዚህ ጓደኛህ ከአምስት ዓመት በፊት የነገረህን የብርና የነጥብ ቁጥር አትያዝ። እዚያው ጽሕፈት ቤት ስትሄድ አሁን የሚሠራበትን ጠይቅ።

ደረጃ 2፦ ያልተከፈለውን ዝጋ

ክፍት ቅጣት ካለብህ ማመልከቻ ከማስገባትህ በፊት ክፈል። ትራፊኩ መንጃ ፈቃድህን ይዞ የክስ ወረቀት ሰጥቶህ ከሆነ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቀን አታሳልፍ። ደረሰኙን ፎቶ አንስተህ ስልክህ ላይ አስቀምጥ። ወረቀቱ ደብዝዞ ሲጠፋ ፎቶው ያድንሃል።

የተከፈለ ቅጣት ያለፈ ታሪክ ነው። ያልተከፈለ ቅጣት ግን «ይህ ሰው ሲጠየቅ ይደበቃል» የሚል መልእክት አለው።

ደረጃ 3፦ ጥፋቶችህን በደብተር መድባቸው

ሁሉንም ከቀኑ፣ ከቦታውና ከምትነዳው መኪና ጋር ጻፍ። ከዚያ በአራት ክፈላቸው። ቀጣሪም በልቡ የሚከፍለው እንዲሁ ነው።

*አንደኛ፣ ቀላሉ።* ቀበቶ አለማሰር፣ የተከለከለ ቦታ ማቆም፣ የተቃጠለ መብራት፣ ሰነድ ረስቶ መውጣት። አንድ ሁለቱ ማንንም አያስደነግጥም። አሥር ሲሆኑ ግን ቸልተኝነት ይባላል። ልዩነቱን የሚያመጣው ብዛታቸውና ቅርበታቸው ነው። በሦስት ወር ውስጥ አራት ጊዜ ከሆነ ምክንያቱን ለመናገር ተዘጋጅ።

*ሁለተኛ፣ እንደ ሥራው የሚለያየው።* ፍጥነት፣ እየነዱ ስልክ ማውራት፣ ትርፍ ሰው፣ ትርፍ ጭነት። እዚህ ላይ ቆም ብለህ አስብ፣ ምክንያቱም ያው ጥፋት አንዱ ቀጣሪ ጋ ያልፋል፣ ሌላው ጋ አያልፍም። ከእንጅባራ ከሰል፣ ከቡሬ በቆሎ የጫነ አይሱዙ ሹፌር ትርፍ ጭነት ቢቀጣ የጭነት ሥራ የሚያውቅ ቀጣሪ «ባለንብረቱ ነው ያስጫነህ?» ብሎ ያልፈዋል። በትርፍ ሰው ተደጋግሞ የተቀጣ ሹፌር ግን የተማሪ ወይም የሠራተኛ ሰርቪስ ሲጠይቅ ይከብዳል። የፍጥነት ቅጣት ደግሞ ከተማ ውስጥ ነው ወይስ ደጀን መውረጃ ላይ? ለኔ የሁለቱ ልዩነት የትየለሌ ነው።

*ሦስተኛ፣ አደጋ።* ንብረት ብቻ ነው? ሰው ተጎድቷል? ጥፋተኛ የተባለው ማን ነው? አደጋ የደረሰበት ሹፌር ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም። የፖሊስ ሪፖርቱ ሌላውን ወገን ጥፋተኛ ካለ ያንን ወረቀት ከፊት አስቀምጠው። ከሪፖርት የተሻለ ጠበቃ የለህም።

*አራተኛ፣ በር የሚዘጋው።* ጠጥቶ መንዳት፣ ገጭቶ መሰወር፣ ከምድብ በላይ መንዳት (ለምሳሌ ደረቅ 1፣ ማለትም የቀላል ጭነት መኪና ፈቃድ ይዞ ተሳቢ መንዳት)፣ ፎርጅድ መንጃ ፈቃድ። እነዚህ ቀጣሪውን ከመድኑ ጋር የሚያጣሉት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ጊዜ ካለፋቸው፣ በመካከል ንጹሕ ሥራ ካሳየህ፣ አነስተኛ ቀጣሪ ጋ ሊያልፉ ይችላሉ። ፎርጅድ ግን ወንጀል ነው። ቀጣሪዎች መንጃ ፈቃዱን ላወጣው ቢሮ ልከው ያስጣራሉ፣ ስለዚህ አትሞክረው። እንዲህ ዓይነት ወረቀት ይዞ እርዳታ የሚጠይቀኝን ሰው አላነጋግርም።

ደረጃ 4፦ ፍርድ ቤት የደረሰ ጉዳይ ካለህ ለብቻው ያዘው

በመንገድ ላይ የተቀጣኸው ቅጣትና የወንጀል ክስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሰዎች ያደባልቋቸዋል። የመጀመሪያው የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ፋይል ላይ ነው። ሁለተኛው ፖሊስና ፍርድ ቤት ዘንድ ነው፣ ከወንጀል ነፃ ማስረጃ ስትጠይቅም ይወጣል።

ሰው የሞተበት አደጋ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ይታያል። ሹፌር የሰው ሕይወት የመጠበቅ ሙያዊ ግዴታ ስላለበት ቅጣቱ ይከብድበታል፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና መቀጮ። ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ከሞተ፣ ወይም ሹፌሩ ግልጽ ደንብ ሆን ብሎ ከጣሰ፣ ወይም ሰክሮ ከነበረ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። ይህን የማነሳው ላስፈራራህ ፈልጌ አይደለም። ቀጣሪው ውሳኔው ላይ «ንዑስ ቁጥር ስንት» ብሎ ስለሚያይ ነው። በንዑስ ቁጥር 3፣ ማለትም በከባዱ፣ የተቀጣ ሰው ማብራሪያው በጣም ይከብዳል።

ማድረግ ያለብህ፦

- የውሳኔውን ሙሉ ግልባጭ ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት አውጣ። ነፃ ከወጣህም አውጣ። «ነፃ ወጥቻለሁ» ማለት ብቻውን ወረቀት አይሆንም።
- ቅጣቱ በገደብ ከሆነ ገደቡ መቼ እንደሚያልቅ እወቅ።
- ከተጎጂ ቤተሰብ ጋር በሽማግሌ ታርቀህ ካሳ ከከፈልክ የእርቁን ሰነድ አያይዝ። እኛ አገር ይህ ትልቅ ክብደት አለው። የሚቀጥርህ ሰው የሟች ዘመድ መኪናውን መንገድ ላይ እንዳያስቆመው ይፈራልና።
- ቅጣትህን ጨርሰህ በቂ ጊዜ ካለፈ በወንጀል ሕጉ «መሰየም» የሚባል ነገር አለ። ፍርድ ቤት አመልክተህ ከተፈቀደልህ ፍርዱ ከመዝገብህ ይፋቃል። ጠበቃ ጠይቅ። ብዙ ሹፌር ይህ መብት እንዳለው ሳያውቅ ያረጃል።

ደረጃ 5፦ ከቀድሞ መሥሪያ ቤት ወረቀትህን ተቀበል

ተጣልተህ ብትወጣም ሂድ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሥራህን ዓይነት፣ የአገልግሎት ጊዜህንና ደመወዝህን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው። የዩኒቨርሲቲና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሹፌሮች በሌላ ሕግ ይተዳደራሉ፣ ግን እነሱም የአገልግሎት ማስረጃና ክሊራንስ ያገኛሉ።

ስትቀበል እዚያው ቆመህ አንብበው። የጀመርክበት ቀን፣ ያቆምክበት ቀን፣ የመኪናው ዓይነት ትክክል ነው? ቀን ከተሳሳተ ክፍተት ይፈጠራል። ክፍተት ያየ ቀጣሪ መጀመሪያ የሚያስበው «መንጃ ፈቃዱ ታግዶ ነበር» ነው። መንገድ ተዘግቶ ወራት ቤት ውለህ ከሆነ፣ ታመህ ከሆነ፣ የአዝመራ ሥራ ገብተህ ከሆነ በግልጽ ጻፈው። ነገሩ ነውር የለውም።

ደረጃ 6፦ ተያዥህን አስቀድመህ ንገረው

የሹፌር ማስታወቂያ ያለ ተያዥ አይወጣም። ተያዥ የሚሆንህ ሰው ደመወዙን ነው የሚያስይዘው። ሪከርድህን ከሌላ ሰው ከሰማ በማግሥቱ ፊርማውን ያነሳል። ሲያነሳ ደግሞ ለቀጣሪው ምክንያቱን ይናገራል።

ይህን ከመጽሐፍ አላነበብኩትም። ወጣት ሳለሁ ሞጣ መንገድ ላይ አንድ ግጭት ነበረብኝ፣ ሰው አልተጎዳም። አንድ ድርጅት ስቀጠር ደበቅኩት። ተያዥ የሆነኝ አያ፣ የአባቴ ወዳጅ፣ ደጀን ላይ ሻይ ሲጠጣ ከሌላ ሹፌር ሰማ። አልተቆጣኝም። «ለኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት ልጄ?» ብቻ አለ። በሦስተኛው ቀን ሥራው ተቋረጠ። ግጭቱን ብናገረው ኖሮ ምንም አልነበረም፣ ቅጣቱ እንኳ ከሳምንት ደመወዜ ያንስ ነበር።

ጎጃም ውስጥ ከደጀን እስከ ባሕር ዳር አንድ ትልቅ መንገድ ነው። ደብረ ማርቆስ፣ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ እንጅባራ፣ ዳንግላ፣ መራዊ። በዚያ መስመር ያለ ሹፌር ሁሉ ይተዋወቃል። ረዳቶቹ ደግሞ ከሹፌሮቹ በላይ ያውቃሉ።

ደረጃ 7፦ ግማሽ ገጽ ማብራሪያ ጻፍ

ቀላል ጥፋት ብቻ ካለብህ ይህን ዝለለው። አደጋ ወይም እገዳ ካለብህ ግን ከማመልከቻው ጋር አያይዝ። አራት ነገር ይኑረው። ምን ሆነ፣ መቼና የት፣ እንዴት ተዘጋ፣ ከዚያ ወዲህ ምን ነዳህ። ለምሳሌ፦

«በ2014 ዓ.ም. ክረምት ደምበጫ አካባቢ የጭነት መኪና ይዤ ስሄድ ከፊቴ የነበረውን መኪና ከኋላ ገጭቻለሁ። ርቀት ያልጠበቅሁት እኔ ነኝ። ሰው አልተጎዳም። ቅጣቱን ከፍያለሁ፣ ደረሰኙ ተያይዟል። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ተኩል በተመሳሳይ መኪና ያለ አደጋ ሠርቻለሁ፣ የቀድሞ ቀጣሪዬ ደብዳቤ ተያይዟል።»

በቃ። «እግዚአብሔር ያውቃል»፣ «ሰው ተመቅኝቶኝ ነው»፣ «ትራፊኩ ጠምዶኝ ነው» አትጻፍ። እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ወረቀት የሚያነበው ሰው ያንን ሰበብ በቀን አምስት ጊዜ ያነባል። «ያልጠበቅሁት እኔ ነኝ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ግን ብዙም አያገኝም፣ ስለዚህ ያስታውሰዋል።

ደረጃ 8፦ ቀጣሪህን ምረጥ

እንደ ሪከርድህ ክብደት ሂድ። ዩኒቨርሲቲዎች፣ ባንኮችና የእርዳታ ድርጅቶች ወረቀት በደንብ ያጣራሉ፣ ኮሚቴም አላቸው። ንጹሕ ወይም ቀላል ሪከርድ ካለህ እዚያ ሞክር። ቡሬ አካባቢ ያሉ ፋብሪካዎችና የምርት አከፋፋዮች መኻል ላይ ናቸው፣ ጭነት ላይ የሠራህበትን ልምድ ያከብራሉ። አንድ ሁለት መኪና ያላቸው ባለንብረቶች ደግሞ ወረቀቱን ትተው ሰው ይጠይቃሉ። ከባድ ሪከርድ ካለህ ከነሱ ጀምር፣ አንድ ሁለት ዓመት ንጹሕ ሥራ አስመዝግብና ወደ ላይ ውጣ።

ማስጠንቀቂያ፦ «ሪከርዱ ችግር የለውም፣ ብቻ መንጃ ፈቃድህን እኔ ጋ አስቀምጥ» ከሚል ባለንብረት ሽሽ። ሰነድህ ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ሆኖ መንገድ መውጣት ራሱ ሌላ ጥፋት ነው።

ደረጃ 9፦ የመንዳት ፈተናው

ሪከርድ ያለበት ሹፌር እዚህ ላይ ነው የሚካሰው። ጎጃም ውስጥ ከባድ መኪና የሚያስነዳ ቀጣሪ ልቡ ያለው አባይ በረሃ ላይ ነው። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከደጀን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳለህ። ፈተናው ከተማ ውስጥ ቢሆንም ስለ በረሃው ይጠይቁሃል።

- ከመውረድህ በፊት ፍሬን፣ ጎማና አየር አይ። ፈታኙ ሳይጠይቅህ ወርደህ እየው።
- ማርሽ ቀንሰህ በሞተር ያዝ። ፍሬን ያለማቋረጥ ከተረገጠ ይግላል፣ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይይዝም።
- ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ነፃ አድርጎ መልቀቅ አለ። ይህን «አደርጋለሁ» ካልክ ፈተናው እዚያው አለቀ።
- እንጅባራ አካባቢ ክረምት ላይ ጉም ሲወርድ ምን ታደርጋለህ ይሉሃል። መልሱ ፍጥነት መቀነስ፣ አጭር መብራት ማብራት፣ ርቀት መጨመር ነው። ረጅም መብራት ጉሙ ላይ ነጥሮ አንተኑ ያሳውራል።

ደረጃ 10፦ የሙከራ ጊዜ

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ በጽሑፍም መሆን አለበት። በዚያ ጊዜ ውስጥ ለሥራው አይመጥንም ካሉህ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቱህ ይችላሉ። ሪከርድ ይዘህ ከገባህ በነዚህ ቀናት አንድ ትንሽ ቅጣት እንኳ ይቆጠርብሃል። ከተቀጣህ በዚያው ቀን ለስምሪት ኃላፊው ንገር። በማግሥቱ አይሁን።

ሁልጊዜ የማያቸው ስህተቶች

- «ሪከርድ የለብኝም» ብሎ ፎርም ላይ መፈረም። ጥፋቱ ይታለፍ የነበረው ሰው በፊርማው ይባረራል።
- አዲስ መንጃ ፈቃድ ሌላ ከተማ ሄዶ ማውጣት። ሪከርድ አይጠፋም፣ ሁለት ፈቃድ መያዝ ደግሞ ራሱ ችግር ነው።
- እገዳ ላይ ሆኖ «ለቅርብ ነው» ብሎ መንዳት። ባጃጅም ቢሆን።
- የድሮ ቀጣሪን በስልክ መሳደብ። አዲሱ ቀጣሪ የሚደውለው ለእሱ ነው።
- ስለ ሌላ ሹፌር ጥፋት እያወሩ የራስን ማሳነስ። ቃለ መጠይቅ ላይ ይህን የሚያደርግ ብዙ ነው፣ ሁሌም ያስጠላል።
- ወረቀቱን ሁሉ አንድ ላይ አጣጥፎ በፌስታል ማምጣት። ክላሰር ርካሽ ነው።

ሁለት ሦስት ቦታ ከከለከሉህ «ለምን?» ብለህ በትሕትና ጠይቅ። ብዙ ጊዜ የጎደለው አንድ ወረቀት ነው። ምክንያቱን ከነገሩህ ደብተርህ ላይ ጻፈውና ወደ ደረጃ 1 ተመለስ። ለኔ ስትደውል ደግሞ የሪከርድ ደብዳቤህን በእጅህ ይዘህ ደውል። ያለ እሱ የምመልስልህ ነገር የለኝም።